ከሥራ ተቀንሶ ሥራ የሚፈልግ ሰው፣ አብሮት የሚፈልግ ከየት ያገኛል? (ቦሌ አራብሳና አካባቢው)

የአራብሳዋ

ሰላም ለሁላችሁ።

የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። በአንድ የጤና ፕሮጀክት ውስጥ የክትትልና ግምገማ ባለሙያ ነበርኩ። የውጭ ገንዘቡ ሲቋረጥ ፕሮጀክቱ ተዘጋና ለእኔም ለቡድኔ ልጆችም በአንድ ቀን ደብዳቤ ተሰጠን። ሥራዬ ከጤና ጣቢያዎች የሚመጣውን ሪፖርት ማጣራት፣ ቁጥሩ ከመዝገቡ ጋር መግጠሙን እዚያው ሄዶ ማየትና በየሩብ ዓመቱ ማጠናቀር ነበር። እወደው ነበር። ይህን የማነሳው ምን እንደጎደለኝ እንዲገባችሁ ብዬ ነው።

ገንዘብ አልጠይቅም። ማስታወቂያም አላጣሁም፤ ኢትዮጆብስን፣ የቴሌግራም ቻናሎቹን፣ የረቡዕና የእሁድ ሪፖርተርን እከታተላለሁ። ያጣሁት ሰው ነው። ቢሮ እያለሁ ኤክሴል ሲያስቸግረኝ ወንበሬን አዙሬ የምጠይቃት ልጅ ነበረች። አሁን ካቨር ሌተር ጽፌ ስጨርስ የሚያነብልኝ የለም። ሾርትሊስት ውስጥ ሳልገባ ስቀር ችግሩ ከሲቪዬ ይሁን፣ አመልካች በዝቶ ይሁን የማውቅበት መንገድ የለኝም። ባለቤቴ ያስብልኛል፤ ግን ሙያው ሌላ ነው፣ ማታም ደክሞት ነው የሚገባው። እናቴ በየቀኑ ትደውላለች። «እስቲ ዛሬስ?» ትለኛለች። ተስፋዋን ላለመስበር ስል፣ የምመልሰውን ሳላዘጋጅ ስልኩን አላነሳም።

ሰፈራችንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ በሸገር ባስና በሚኒባስ ወደ መገናኛ ሲጎርፍ ግቢው ባዶ ይሆናል። የሚቀሩት ሕፃናት፣ ሞግዚቶች፣ አዛውንቶችና እኛ ነን። እኛ ያልኩት ብቻዬን እንዳልሆንኩ ስለማውቅ ነው። በሥራ ሰዓት ደረጃው ላይ የማገኛቸው፣ ሸሚዝ ለብሰው ፋይል ይዘው የሚወጡ፣ ከምሳ በፊት የሚመለሱ ሰዎች አሉ። ሰላም እንባባላለን፣ እናልፋለን። ማንም ማንንም ደፍሮ አይጠይቅም።

ከቀድሞ ባልደረቦቼ ጋር የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተን ነበር። መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። ቆይቶ «ፕሮጀክቱ ተመልሶ ይከፈታል» የሚል ወሬ ብቻ የሚዘዋወርበት ሆነ። አንድ ሙያ ያለን ሰዎች ስለሆንን ደግሞ ለአንዲት ክፍት ቦታ ሁላችንም ነን የምናመለክተው። ስለዚህ ማስታወቂያ ያየ ሰው ዝም ማለት ጀመረ። አልፈርድባቸውም፤ ሁሉም ቤት ኪራይና ልጅ አለበት።

አሁን የምፈልገው በአካል የሚገናኝ፣ ለማልቀስ ብቻ ሳይሆን ሥራ ለመፈለግ የሚሰበሰብ ትንሽ ቡድን ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ሞክሮ የተሳካለት አለ? ከአንድ ሙያ ሰዎች ጋር ይሻላል ወይስ ከተደባለቀ ጋር? ከአራብሳ፣ ከአያት፣ ከጎሮ የሚመጣ ሰው ቢኖርስ የት እንገናኝ? ካፌ ገብቶ ሳያዙ መቀመጥ ያሳቅቃል፣ በየሳምንቱ ማዘዙ ደግሞ ወጪ ነው።

የስፌት መስመር ኃላፊ የነበረ

እህቴ ሰላም ነሽ? ጎረቤትሽ ነኝ ማለት ይቻላል። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የመስመር ኃላፊ ነበርኩ። በፈረንጆቹ ጥር 2022 አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው የንግድ ዕድል ስታስወጣ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ መላክ ቀረ። እኛ ጋ ትዕዛዝ ሳሳ፣ ከዚያ መስመር እየታጠፈ ሰው መቀነስ ተጀመረ። እኔም ከልጆቹ ጋር ወጣሁ።

የእኛ ቡድን የተጀመረው ከቤት ኪራይ ነው። ልጆቹ አብዛኞቹ ከክፍለ ሀገር የመጡ ናቸው፤ አንድ ክፍል ለአራት ለአምስት ነው የሚከራዩት። አንዷ ሥራ አጥታ ወደ ቤተሰቦቿ ስትመለስ ኪራዩ በቀሩት ላይ ይወድቃል፣ ቀጥሎ ሌላዋ ትሄዳለች። ቤቱ እንዳይፈርስ ሲሉ እሁድ ከቅዳሴ መልስ አንደኛዋ ቤት ቡና እየተፈላ መነጋገር ጀመሩ። በኋላ ለእኔ ደወሉልኝ፤ ማመልከቻ ማዘጋጀት የሚችል ሰው ፈልገው ነው። ከመካከላቸው ብዙ ያልተማሩ አሉ፤ እጃቸው ግን የሚደንቅ ነው። ኮሌታ የምትሰፋ ልጅ ሲቪዋ ላይ «ኦፕሬተር» ተብሎ ብቻ ሲጻፍ ሙያዋ ይጠፋል። የትኛውን ማሽን እንደምትነዳ፣ የትኛውን የልብስ ክፍል እንደምትሰፋ፣ በሰዓት ስንት እንደምታወጣ እየጠየቅኳት ጻፍኩ። አንቺም ይህን ያዥ፤ ሰው የራሱን ሥራ ስለለመደው ያሳንሰዋል። ሌላ ሰው ቁጭ ብሎ ሲጠይቀው ነው የሚወጣው።

የጠቀመንን ልንገርሽ። ሁሉም ሰው ተራ ይደርሰዋል። የሚጠየቀው ያለፈው ሳምንት ምን እንዳደረገና በሚመጣው ምን እንደሚያደርግ ነው። የደረሰበትን መናገር የፈለገ ይናገራል፣ እንሰማዋለን፤ ግን ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ ወደ ሥራው ጉዳይ እንመለሳለን። ደግሞ ሁለት ሁለት ሆነን ተጣመርን። ጥንዶቹ በሳምንቱ መሀል ይደዋወላሉ። «ሄድሽ? ምን አሉሽ?» ነው ጥያቄው። የእናትሽ «ዛሬስ?» ከዚህ ይለያል፤ ጓደኛሽ ራሷም በዚያው ሳምንት ከአንድ በር ተመልሳለችና አትሸማቀቂያትም።

የውድድሩን ነገር በተመለከተ ሙያው የተደባለቀ ይሁን እላለሁ። እኛ ዘንድ ፋብሪካ ሲቀጥር ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ነውና መረጃ መደበቅ አያስፈልግም ነበር። የእናንተ ግን አንድ ወንበር ነው። ሒሳብ ሠራተኛ፣ ነርስ፣ አንቺ፣ አንድ የግንባታ ፎርማን ብትሆኑ ማንም የማንንም አይነጥቅም፣ አራት ሰው ደግሞ በአራት አቅጣጫ ያያል።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ሥራ ያገኘው ሰው ከቡድኑ አይጥፋ። እኛ መጀመሪያ ሥራ ያገኘችውን ልጅ ቢያንስ የመጀመሪያ ደመወዝሽን እስክትቀበይ ነይ ብለን ለመንናት። መጣች፤ የተቀጠረችበት ፋብሪካ ሰው ሊጨምር መሆኑን በሩ ላይ ማስታወቂያ ሳይለጠፍ ነገረችን።

የሰው ኃይል ባለሙያ

የቡድኑን ነገር እደግፋለሁ፤ ግን እህቴ ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የሚገባሽን ተቀብለሻል? በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ፣ ሰው ደብዳቤውን ተቀብሎ በድንጋጤ ሳይጠይቅ ሲወጣ አይቻለሁ።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሠራተኛ ቅነሳ ለሚሰናበት፣ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፣ ጠቅላላው ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ድርጅቱ በመዘጋቱ ወይም በቅነሳ ለወጣ ሰው ደግሞ በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከላል። ይህችን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው አያውቃትም። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰባል። ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። ከስንብት የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ማለት ጊዜው ስላለፈ መጠየቅ አይቻልምና ነገ ዛሬ አትበይ።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ውል ብዙ ጊዜ ለተወሰነ ጊዜ የተደረገ ነው። ጊዜው አልቆ ነው የተቋረጠው ወይስ ሳያልቅ የሚለው ስሌቱን ይለውጠዋል፤ ስለዚህ ውልሽንና ደብዳቤውን ይዘሽ የሚያውቅ ሰው አማክሪ። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። የሥራ ልምድ ደብዳቤሽንም አሁኑኑ አውጪ፤ የሥራሽን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንሽንና ደመወዝሽን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ የማግኘት መብት አለሽ። የተዘጋ ፕሮጀክት ቢሮው ሲለቀቅ ማኅተሙም ፈራሚውም ይበተናሉ።

ቡድኑ ሲቋቋም የመጀመሪያው ቀን ሥራ ይህ ይሁን። እያንዳንዱ ሰው ደብዳቤውን ያምጣና አንድ ላይ ይነበብ። ብቻውን ሆኖ ከቀድሞ አለቃው ጋር መነጋገር የሚፈራ ሰው አለ፤ አብሮት እስከ በሩ የሚሄድ ሲያገኝ ይጠይቃል።

ሒሳብ ሠራተኛ፣ አሁን ሹፌር

እኔ ትንሽ የተለየ ሐሳብ አለኝ፤ ክፉ አታድርጉብኝ። ሥራ ያጣ ሰው ሥራ ካጣ ሰው ጋር ብቻ ሲውል ዓለም ሁሉ የተዘጋ ይመስለዋል። እኔ ከሥራ ስወጣ ከእንደኔ ዓይነቶቹ ጋር ጎሮ አንድ ቡና ቤት መዋል ጀምረን ነበር። ጠዋት «ማን ምን ሰማ?» ተብሎ ይጀመራል፣ እስከ ስምንት ሰዓት ስለ አገር ይወራል፣ ከዚያ ወደ ቤት። ያን ጊዜ ውስጤ የከበደውን ያህል ብቻዬን ሆኜም አልከበደኝም። ስተወው ቀለለኝ። አሁን የሰው መኪና ይዤ ታክሲ እሠራለሁ፤ ከኋላ ከሚቀመጡ ሰዎች ጋር ሳወራ ነው የማታ የሒሳብ ሥራ ያገኘሁት። ሥራ ያለው ከሥራ ላይ ካለ ሰው ዘንድ ነው።

የአራብሳዋ

ወንድሜ፣ ክፉ አላደረግኩብህም፤ የምፈራውን ነው የተናገርከው። ነገር ግን የእናንተ ቡና ቤት ውስጥ ተራ አልነበረም፣ የሚጠይቅ አልነበረም፣ የሚያበቃበት ሰዓትም አልነበረም። የመስመር ኃላፊው የነገረኝ ከዚያ የተለየ ይመስለኛል። ሁለት ሰዓት ተቀምጦ መነሳት። ደግሞ ሥራ ላይ ያለ ሰው ይግባበት የምትለውን እቀበላለሁ፤ በወር አንድ ጊዜ ሥራ ላይ ያለ ሰው እየጋበዝን ስለ መሥሪያ ቤቱ ብንጠይቀውስ? ስለ ሒሳቡ ሥራ እንኳን ደስ ያለህ። መምጣት ብትችል የመጀመሪያው ተጋባዥ አንተ ብትሆን ደስ ይለኛል።

ስለ ሕጉ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ የ60 ቀኑን በፍጹም አላውቅም ነበር። ደብዳቤዬን አውጥቼ አነበብኩት፤ ውሌ የሚያበቃበት ቀን ገና ነው። የሕግ ባለሙያ ጋ እሄዳለሁ። ከቀድሞው የሥራ ቡድኔ አንዲት ልጅም አብራኝ ልትሄድ ነው።

የእድር ጸሐፊ

ልጄ እንደምን ከረምሽ። እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ አያት አካባቢ የአንድ እድር ጸሐፊ ሆኜ አገለግላለሁ። ቦታ ላልሽው ነገር መልስ አለኝ። በየኮንዶሚኒየሙ የጋራ መገልገያ ሕንፃ አለ፤ ለለቅሶና ለሠርግ ካልሆነ ከሰኞ እስከ ዓርብ ተቆልፎ ነው የሚውለው። የብሎኩን ኮሚቴ ወይም እድሩን ጠይቂ። ወንበር አለ፣ ሽንት ቤት አለ፣ ጥበቃ አለ። የምንፈልገው ቦታው በንጽሕና መመለሱን ነው። ካፌ ገብታችሁ አትሳቀቁ።

ሌላ ልበል። እድር የተመሠረተው ለቀብር ነው ብለን እንይዘዋለን፤ ግን ሥራው ሰው በጭንቅ ሰዓት ብቻውን እንዳይቀመጥ ማድረግ ነው። ከአባሎቻችን አንዱ ከሥራ ተቀንሶ ለቤተሰቡ ሳይናገር በየጠዋቱ ከረባት አስሮ ሲወጣ ቆይቷል። ያወቅነው የወር መዋጮው ተከታትሎ ሲቀር ቤቱ ድረስ ሄደን ስንጠይቅ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። መዋጮውን ጊዜ ሰጠነው፤ ከዚያ በላይ ግን የጠቀመው በጠቅላላ ጉባኤው ላይ፣ ፈቅዶልን፣ የመጋዘን ሥራ የሚያውቅ ሰው እዚህ አለ ብለን መናገራችን ነው። በዚያ ጉባኤ ላይ ነጋዴ አለ፣ የትራንስፖርት ማኅበር ሰው አለ፣ መምህር አለ። ሹፌሩ ልጄ ያለው እውነት ነው፣ ሥራ ከሠራተኛ ዘንድ ነው፤ እድር ውስጥ ደግሞ ሁለቱም አሉ።

ከልጆቹ አንዱ እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከዘጋ፣ መኖር ሰለቸኝ ማለት ከጀመረ ግን ይህ የቡና ጉዳይ አይደለም። ይዛችሁት ጤና ጣቢያ ሂዱ። ብቻውን ሂድ አትበሉት።

አዲስ ተመራቂ

እኔ ከሥራ አልተቀነስኩም፤ ገና አልጀመርኩም። በስታቲስቲክስ ተመርቄ እናቴ ቤት የካ አባዶ ነኝ። መቀላቀል ይፈቀድልኛል? የማበረክተው አለኝ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አራት ኪሎ አዘወትራለሁ፤ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት በነፃ ነው፣ እዚያው አካባቢ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳዎቹንም አያለሁ። ከእኛ ሰፈር ሁለት ታክሲ ነውና በየቀኑ አይቻልም። በምሄድበት ቀን የሰባት ሰው ማስታወቂያ ፎቶ አንስቼ ብመጣ የስድስት ሰው ትራንስፖርት ተረፈ ማለት ነው። የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን የዳታ ሳይንስ ኮርስ ጀምሬ መሀል ላይ ቆሜያለሁ፤ አብሮኝ የሚማር ባገኝ እጨርሰው ነበር።

ቴሌግራም ላይ «ለምዝገባ በቴሌብር ላኪ» እያሉ ሥራ እንሰጣለን የሚሉም አሉ። ጓደኛዬ ላከች፤ ከዚያ ቻናሉ ጠፋ። ብቻዋን ስለነበረች የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም።

የአራብሳዋ

እህቴ ነይ እንጂ! ኤክሴልና የሪፖርት ሥራ እኔ አሳይሻለሁ፤ ኮርሱን አብረን እንጨርሰዋለን። እውነቱን ለመናገር እኔም ስታቲስቲክሱን መከለስ አለብኝ። የቀድሞ ሥራዬን ከማስበው ይልቅ አንድ ሰው ሳስተምር የተሻለ ነገር ይሰማኛል።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምክርዎን ይዤ ዛሬውኑ የብሎካችንን ኮሚቴ ሰብሳቢ አነጋገርኩ። የጋራ መገልገያ ሕንፃውን ማክሰኞ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3፡30 እስከ 5፡30 ፈቅደውልናል፤ ሰዓቱን የመረጥኩት የጠዋቱ የታክሲ ሰልፍ ካለቀ በኋላ እንዲሆን ነው። ደረጃ ላይ ሰላም ብቻ እንባባል የነበርነውን አንድ ጎረቤቴንም ጠየቅኩት። የግንባታ ፎርማን ነው፤ ሳይቱ ቆሞበት ነው። «መቼ ነው?» ብቻ ነው ያለኝ።

የመጀመሪያው ቀን ሁሉም የስንብት ደብዳቤውንና ውሉን ያምጣ፣ አብረን እናነባለን። ሲቪ በስልክ ሳይሆን በወረቀት ይሁን፤ እስክሪብቶ ይዘን እንድንነጋገርበት። ስኳርና ቡና እኔ አመጣለሁ፣ ከቀጣዩ ጀምሮ በተራ ይሆናል። ቁጥራችን ከስምንት እንዳይበልጥ ፈልጌያለሁ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ተራ ሳይደርሰው የሚሄድ ሰው ይኖራል። ብዙ ከመጣ ጎሮ ላይ ሌላ ቡድን ይከፈታል፤ የመስመር ኃላፊው ወንድሜ እሱን ቢይዝልኝ ብዬ አስቤያለሁ።

የስፌት መስመር ኃላፊ የነበረ

እይዛለሁ። ግን የመጀመሪያውን ማክሰኞ አንቺ ጋ እመጣለሁ፤ ከልጆቹም ሁለቱን ይዤ። አንደኛዋ የሰባት ወር ልጅ አላት፣ ይዛው ትምጣ?

የአራብሳዋ

ይዛው ትምጣ። ከአስፋልቱ ስትገቡ ጥበቃውን የማክሰኞዎቹ ነን በሉት፣ ነግሬዋለሁ።